አራት ትርፍ ገጽ

ጦርነቱ በተፈጸመ በዐሥራ አንደኛው ዓመት፣ ሞልቶ የሰነበተው ወንዝ ገና መጉደል በጀመረበት ሰሞን፣ ከድልድዩ ራስ ባለው ማተሚያ ቤት ውስጥ አንድ ደራሲ በአራት ገጽ ምክንያት ግራ ተጋብቶ ቆሞ ነበር። ድልድዩ በጦርነቱ ጊዜ በመድፍ ተመትቶ የወደቀው አሮጌው ሳይሆን ከሰላም በኋላ በብረት የተሠራው አዲሱ ነው፤ ማተሚያ ቤቱም ግማሽ ግድግዳው አዲስ፣ ግማሹ ደግሞ የጥይት ፍንጣሪ የጎበኘው አሮጌ ነበረ፤ በመካከሉ በእግር የምትረገጥ አንዲት ማተሚያ መኪና ቆማለች፤ ከአጠገቧ የእርሳስ ፊደላት የተደረደሩበት ባለብዙ ክፍል ገበታ አለ፤ በገበታው ፊት ደግሞ ጣቱ በቀለም የጠቆረ፣ ከመነጽሩ በላይ አሻግሮ የሚያይ ፊደል ለቃሚ ተቀምጧል።

የከተማው ሰው ይህን ደራሲ በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ “ባለዘንቢሉ” ይለዋል። ልቦለዱን ራሱ ይጽፋል፤ ራሱ ያሳትማል፤ ሚስቱ ወረቀቱን አጥፋ በመርፌና በክር ትሰፋለች፤ ከዚያ በኋላ መጻሕፍቱን በዘንቢል አጭቆ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት፣ ከልብስ ሰፊው ወደ ፀጉር አስተካካዩ እየዞረ የሚሸጠውም ራሱ ነው። ገና ከሩቅ ሲያዩት “ደግሞ ዛሬ ማንን ገድለህ መጣህ?” ይሉታል፤ በመጽሐፉ ውስጥ ሰው መግደል እንደሚያበዛ የታወቀ ነውና። እሱም አይቀየምም፤ ስቆ ዘንቢሉን ያወርዳል።

ያን ዘመን ወረቀት እንደ ልብ አይገኝም ነበር። የወረቀት ክፍፍል ሹሙ ለትምህርት፣ ለሕግና ለታሪክ መጻሕፍት ብቻ ይፈቅዳሉ እንጂ ለተረትና ለጨዋታ አንዲት ቅጠል አይሰጡም፤ ስለዚህ ባለዘንቢሉ የከተማይቱን መወረር የሚተርከውን ልቦለዱን ይዞ በቀረበ ጊዜ “የመጽሐፉ ዓይነት” በሚለው መስመር ላይ “ታሪክ” ብሎ ጻፈ፤ ከታችም “ከእውነት በቀር አንዳች ነገር አልጨመርሁበትም” ለሚለው ቃል ፊርማውን አኖረ። ብዕሩን ከማስቀመጡ በፊት ቃሉን መልሶ አነበበው። ነገር ግን ከተማይቱ መወረሯ እውነት ነው፤ ድልድዩ መፍረሱ እውነት ነው፤ የእኔ የሆኑት በመካከሉ የሚዋደዱት ወጣቶች ብቻ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ማንንም አይጎዱም ሲል ራሱን አጽናና።

አሁን ያስጨነቀው ነገር ግን ሌላ ነበር። አንድ ትልቅ ወረቀት በሁለት ፊቱ ታትሞ ሲታጠፍ ዐሥራ ስድስት ገጽ ይወጣዋል፤ የባለዘንቢሉ ሰባተኛ ምዕራፍ ግን ዐሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ አለቀ። ፊደል ለቃሚው ስምንተኛውን ምዕራፍ በስሕተት አስቀድሞ አትሞት ስለነበር ታሪኩን ወደፊት ማሸጋሸግ አይቻልም።

“እንግዲህ ምን ይሻላል ጌታው?” አለ ፊደል ለቃሚው። “አራቱን ገጽ ባዶ ልተዋቸው?”

“ባዶ? ወረቀት በጠፋበት ዘመን ባዶ ገጽ አሳትሜ ሹሙ ፊት ምን ብዬ ልቆም ነው?”

“እንግዲያው ይሙሉት። እኔ ምሳዬን በልቼ እስክመለስ ጊዜ አለዎት።”

ባለዘንቢሉ የገበታውን ጥግ በክንዱ ጠረገና ጎንበስ ብሎ መጻፍ ጀመረ። ምን እንደሚጽፍ አያውቅም ነበር። ከተማይቱ በተወረረች ቀን “ሕዝቡ ሳይውል ሳያድር በድልድዩ ይሻገር” የሚል ከግንባር የተላከ የጦር አዛዡ ቴሌግራም ሁለት ሰዓት ዘግይቶ እንደ ደረሰ፣ ከዚያም የአደጋው ደወል ተደውሎ ሕዝቡ ድልድዩ ላይ እንደ ተጨናነቀ የጠላት መድፍ እንዳገኘው የማያውቅ የለም፤ የዘገየበትም ምክንያት ሽቦው ተቆርጦ ነው ይባላል። ባለዘንቢሉ አራት ገጽ የሚሞላ ነገር ሲፈልግ ሐሳቡ እዚህ ላይ አረፈ። ቴሌግራሙ በሰዓቱ ቢደርስስ? ቴሌግራፈኛው አንብቦ፣ አጥፎ፣ ኪሱ ቢከተውስ? ደወሉ ከተደወለ መተላለፊያ እንደሚጠፋ ያውቃልና ዝም ብሎ ቆቡን አድርጎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሚስቱንና አሮጊት እናቱን በባዶው ድልድይ ላይ ያሻግራል፤ ከዚያ ተመልሶ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ደወሉን ይደውላል። ፊደል ለቃሚው ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ሲመለስ አራቱ ገጽ ሞልተው ጠበቁት።

“ይሄ ሰውዬ ደግሞ ከየት መጣ?” አለ አንብቦ ሲጨርስ።

“ከአራት ትርፍ ገጽ” አለው ባለዘንቢሉ፤ ሁለቱም ሳቁ።

መጽሐፉ ታትሞ፣ ተሰፍቶ፣ በዘንቢል ተዞረ። ከዚያ በፊት የጻፋቸው ልቦለዶች በዓመት ያላገኙትን አንባቢ ይኸኛው በሁለት ወር አገኘ። ነገር ግን ስለሚዋደዱት ወጣቶች የሚጠይቀው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የሚያነሣው ያንን ቴሌግራፈኛ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ይዞ “ለካስ እንዲህ ኖሯል?” አለው። አንዲት የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሁለት ወንድሞቿን በድልድዩ ላይ ያጣች ነበረችና መጽሐፉን በደረቷ አቅፋ “እግዜር ይስጥልኝ፣ እውነቱን አወጣኸው” ብላ አለቀሰችበት። ባለዘንቢሉ አንገቱን ነቅንቆ አለፈ። በጦርነቱ ጊዜ እሱ ሌላ አገር ነበርና አንድ ነገር አላሰበም ነበር፤ በዚያ ዘመን በከተማይቱ የነበረው የቴሌግራፍ መሥሪያ ቤት አንድ ብቻ ነው፤ በመሥሪያ ቤቱም የነበረው ቴሌግራፈኛ አንድ ብቻ ነው። ያም ሰው በሕይወት አለ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላምታ እንደ ነፈገው ባለዘንቢሉ የሰማው ኋላ ነው።

ብዙም ሳይቆይ የጦርነቱን ታሪክ ከሚያጣራው ጉባኤ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ መጣለት። ጉባኤው የከተማይቱን መወረር በይፋ ሊያጽፍ ተሰይሞ ነበር፤ ሰብሳቢውም በዚያ ዘመን የከተማይቱ ጦር አዛዥ የነበሩት ኮሎኔል ናቸው። “ታሪክ ብለህ ባሳተምኸው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ቴሌግራሙ የጻፍኸውን ከማን እንዳገኘኸው በመጪው ሐሙስ ከረፋዱ በአራት ሰዓት ቀርበህ ታስረዳ ዘንድ ታዘሃል” ይላል።

ሚስቱ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ጠረጴዛው ላይ ከዚያ ወዲህ የጀመረው የአዲሱ ልቦለዱ የታተሙ ስምንት ባለዐሥራ ስድስት ገጽ እጥፋቶች ተከምረዋል፤ ሌሎች ሰባት ይቀራሉ፤ የእነሱም ወረቀት ገና በሹሙ ግምጃ ቤት ነው።

“ፈጠራ ነው ብትል?” አለችው።

“በሐሰት ፈርሜ ወረቀት ወሰድኩ ማለት ነው። ያንን መጽሐፍም ይከለክሉኛል፣ የዚህንም ወረቀት።”

“እውነት ነው ብትልስ?”

“የማላውቀውን ሰው ባደባባይ ገደልኩት ማለት ነው።”

“እስከ ዛሬ ስለ ገደልካቸው ሁሉ ማንም ጠይቆህ አያውቅም ነበር” አለች፤ ለመሳቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። መርፌዋን አንሥታ ክሩን ቀዳዳው ውስጥ ለማስገባት ብዙ ታገለች።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ በራቸው ተንኳኳ። ቀጠን ያሉ፣ አሮጌ የመሥሪያ ቤት ኮታቸው እስከ አንገታቸው የተቆለፈ ሽማግሌ ደጃፉ ላይ ቆመዋል፤ መጽሐፉን በንጹሕ መሐረብ ጠቅልለው ይዘዋል። ባለዘንቢሉ ማን እንደሆኑ ሳይነግሩት ገባውና ቆሌው ተገፈፈ።

“ይግቡ አባቴ፤ ይግቡ” አለ፤ ወንበር ሳበላቸው። ገና ሳይቀመጡም ቃሉ ተንጋግቶ ወጣ። “ይቅርታዎን አባቴ። እርስዎን አስቤ አይደለም፤ መኖርዎንም አላውቅም ነበር። አራት ገጽ ተርፎብኝ፣ እሱን ለመሙላት ስል ከራሴ አውጥቼ ነው። ጎረቤት ሰላምታ እንደነፈገዎት ሰምቻለሁ። ሐሙስ ዕለት ለጉባኤው ሁሉንም ተናግሬ ስምዎን አነጻለሁ።”

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተቀመጡ። መሐረቡን ፈቱ፤ መጽሐፉን ገልጠው ከሰባተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ጣታቸውን አኖሩ።

“ማን ነገረህ?” አሉት።

“እንዴት አባቴ?”

“ማን ነገረህ ልጄ? የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሚስቴ ብቻ ነበረች። እሷም ማዶ ቀርታ አልተመለሰችም፤ አራት ዓመት ሆኗታል ከሞተች። እሷ ናት?”

ባለዘንቢሉ ሚስቱን አየ፤ ሚስቱም እሱን አየችው።

“ባለቤትዎን አላውቃቸውም” አለ።

“እንግዲያ ቆቤን ማድረጌን በምን አወቅህ? ላቤን መጥረጌንስ?”

“ፈጠርኩት አባቴ።”

ሽማግሌው አልተቆጡም። ከዚያም ደረሰኝ እንደሚያነብ ሰው ድምፃቸውን ሳያነሡ ሳይጥሉ ተናገሩ። ቴሌግራሙ በሰዓቱ ደርሷል፤ ሽቦው የተቆረጠው ኋላ ነው። አጥፈው ሁለት ሰዓት ሙሉ ኪሳቸው አኖሩት።

“አንድ ነገር ብቻ ተሳስተሃል” አሉ። “አንተ እናቴን አሻገርካት። እኔ አላሻገርኳትም። እግሯን ታማ ነበረች፤ ሚስቴ ሕፃን ታቅፋ ነበር፤ ሁለቱን ባንድ ጊዜ አልቻልኩም። ተመልሼ እወስድሻለሁ አልኳት። ደወሉን ከደወልኩ በኋላ ግን ያ ሁሉ ሕዝብ መንገዱን ዘጋው፤ ቤቴም አልደረስኩ። ይሄን ገጽ ሳነበው እሷ ማዶ ደርሳ አገኘኋት። ደጋግሜ አነበብኩት።”

ባለዘንቢሉ ነገር ዓለሙ ዞረበት። ካልሰማሁት እንዴት ጻፍኩት? ከሰማሁትስ የት ነው የሰማሁት? በባቡር ላይ? ወረፋ ስጠብቅ? ደግሞስ እኔ ፈጠርኩት ብዬ የማምነው ሌላው ሁሉ የማን የማን ነው? ሽማግሌው ያሉትን ሁሉ አመነ፤ የራሱን ማመን ግን አቃተው። በመጨረሻም አንድ ጥያቄ ብቻ አገኘ።

“ሐሙስ ምን እንድል ይፈልጋሉ አባቴ? እርስዎ ያሉኝን እላለሁ።”

“እኔ ምን አውቄ” አሉ ሽማግሌው። “ሐሰት ነው ብትል ጎረቤቶቼ ደኅና አደሩ ይሉኛል፤ ናፍቆኛል እሱ። እውነት ነው ብትል ደግሞ ይኼ ነገር ከደረቴ ይወርድልኝ ይሆናል። አንዱን ስይዝ ሌላው ያምረኛል። አንተ የተማርህ ነህ፣ ትነግረኛለህ ብዬ ነበር የመጣሁት።”

መጽሐፋቸውን ጠቅልለው ተነሡ። ባለዘንቢሉ እስከ በር ሸኛቸው።

እስከ ሐሙስ ያለው ጊዜ ለባለዘንቢሉ የጭንቅ ጊዜ ነበር። ፈጠራ ነው ቢል እውነት ነው፤ እሱ ፈጥሮታልና፤ ግን ያ እውነት የሽማግሌውን እውነት ይቀብረዋል። ታሪክ ነው ቢል ሐሰት ነው፤ ሲጽፈው አያውቀውም ነበርና፤ ግን ያ ሐሰት የሆነውን ነገር ይናገራል። ሚስቱን ሲጠይቃት “እኔ የምሰፋ እንጂ የምጽፍ አይደለሁም” ትለዋለች፤ ከደቂቃ በኋላ ደግሞ “ለሽማግሌው እንዘንላቸው፤ ሌላው ይቅር” ትላለች። እሱም የኋላ ኋላ እዚያው ላይ ቆረጠ። ፈጠራ ነው እላለሁ፤ ወረቀቱ ይቅር፤ መጽሐፉም ይቅር፤ የአንድ ሽማግሌ የቀረ ዕድሜ በሰላም ይለቅ አለ። በዚህ ቁርጥ ሐሳብ ጥቂት ኩራት እንደ ተሰማው መደበቅ አይገባም።

የጉባኤው አዳራሽ ረጅም ጠረጴዛ አረንጓዴ ጨርቅ ለብሷል፤ ከበላዩ የንጉሡ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ከጥግ አንድ ቃል አስፍሪ ብዕሩን እያጠቀሰ ይጠብቃል። ሽማግሌው በምስክርነት ተጠርተው በግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ቆባቸውን በጉልበታቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል። ኮሎኔሉ የወረቀት ሹሙን ቅጽ አንሥተው አሳዩት።

“ይህ ፊርማ ያንተ ነው?”

“የእኔ ነው፣ ክቡር ኮሎኔል።”

“እንግዲያውስ ስለ ቴሌግራሙ የጻፍኸውን ማን ነገረህ?”

“ማንም አልነገረኝም። ወረቀት ለማግኘት ስል ነው ታሪክ ያልኩት፤ መጽሐፉ ልቦለድ ነው። ምዕራፉ ዐሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ አለቀብኝ፤ አራት ገጽ ተረፈ። ባዶ እንዳይሆን ስል ፊደል ለቃሚው ምሳውን በልቶ እስኪመለስ ቴሌግራፈኛውን ፈጠርኩት።”

የጉባኤው አባላት እርስ በርስ ተያዩና ሳቁ። ቃል አስፍሪውም ሳቀ። ኮሎኔሉ ፊታቸው ፈታ አለ፤ ሽቦው ተቆርጦ ቴሌግራሙ ዘገየ የሚለውን ዘገባ በጦርነቱ ጊዜ በራሳቸው እጅ የፈረሙት እሳቸው ነበሩና። ቃሉ ተጽፎ ተነበበ፤ ባለዘንቢሉ ፈረመ። ቀና ብሎ ወደ ሽማግሌው ተመለከተ፤ ምስጋና ባይሆን እንኳ ፊታቸው ላይ ዕረፍት አይ እንደሆነ ብሎ። ሽማግሌው ግን ቆመዋል።

“ልክ ነው የጻፈው” አሉ። “እናቴን ከማሻገሩ በቀር ልክ ነው። ቴሌግራሙ በሰዓቱ ደርሶኛል።”

ኮሎኔሉ አልተቆጡም፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በአክብሮት መለሱላቸው።

“አባቴ፣ ይቀመጡ። መጽሐፉ ነክቶዎት ነው። ይህን ያህል ጊዜ ሰው ጣት ሲቀስርብዎት ያልሠሩትን ሠራሁ ማለት የሚገርም አይደለም። ደራሲው ራሱ ከልቤ አውጥቼ ጻፍኩት ብሎ አሁን እፊታችን ፈርሟል። እሱ ከፈጠረው እርስዎ እንዴት ይሠሩታል?”

“ሠርቼዋለሁ ጌታዬ። ደወሉን የደወልኩት ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው።”

“ውሃ ስጧቸው” አሉ ኮሎኔሉ።

ባለዘንቢሉ ከመቀመጫው ብድግ አለ። “እውነታቸውን ነው፣ ክቡር ኮሎኔል። ለእኔም ነግረውኛል። ማክሰኞ ዕለት ቤቴ መጥተው...”

“አንተ ሰው” አሉ ኮሎኔሉ፤ አሁን ድምፃቸው ሌላ ነበር። “በወረቀት ሹሙ ፊት እውነት ነው ብለህ ፈረምህ። ቅድም ፈጠራ ነው ብለህ ፈረምህ። ቀለሙ ሳይደርቅ ደግሞ እውነት ነው ልትል ተነሣህ። የትኛውን እንያዝልህ?”

ባለዘንቢሉ አፉን ከፈተ። እናገረዋለሁ ብሎ ያዘጋጀው ሁሉ ለአንዱ መንገድ ብቻ ነበር። መናገር ሥራው፣ እንጀራው የሆነ ሰው በዚያች ሰዓት አንድ ቃል አጣ። ሽማግሌው የተሰጣቸውን ውሃ በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመው ነበር፤ አልጠጡትም፤ ቆይተው ብርጭቆውን አግዳሚው ላይ አኖሩትና ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ የጠየቃቸው የለም።

ባለዘንቢሉ ለአምስት ዓመት ወረቀት ተከለከለ። የአዲሱ ልቦለድ ስምንት እጥፋት ከነሰባት ጉድለቱ አልጋ ሥር ገባ፤ እሱም ለሰው አቤቱታ እየጻፈ ማደር ጀመረ፤ በአቤቱታም ላይ አንድ ቃል ከራሱ እንዳይጨምር ይጠነቀቅ ነበር። የሽማግሌው ጎረቤቶች ግን ወደ ልቦናቸው ተመለሱ፤ በድፍረታቸው አፍረው ይመስላል፣ ከቀድሞው አብልጠው አከበሯቸው። ሽማግሌውም ከቤታቸው ወጥተው እስከ ድልድዩ ራስ እስኪደርሱ ድረስ በሄዱበት ሁሉ ደኅና አደሩ ይባላሉ፤ ለሁሉም ቆባቸውን እያነሡ ይመልሳሉ።

ከሁለት ዓመት በኋላ የጉባኤው ታሪክ በወፍራም ነጭ ወረቀት፣ በቆዳ ሽፋን ታትሞ ወጣ። ከዕለታት አንድ ቀን ሽማግሌው አንዱን ቅጂ በዚያው መሐረብ ጠቅልለው ወደ ባለዘንቢሉ ቤት መጡ፤ ተቀመጡ፤ ገጹን ገልጠው አቀበሉት። ባለዘንቢሉ አነበበው፤ “ታማኙ ቴሌግራፈኛ የተቆረጠው ሽቦ እስኪቀጠል ድረስ ለሁለት ሰዓት ከመቀመጫው አልተነሣም፤ የራሱንም ቤት አላሰበም” ይላል።

“ይሄንንስ ማን ነው የፈጠረው?” አሉት ሽማግሌው፤ የምር እየጠየቁት ነበር።

“እኔ አይደለሁም አባቴ” አለ ባለዘንቢሉ።

ሽማግሌው መጽሐፉን በመሐረቡ መልሰው ጠቀለሉት። ሽማግሌው በተከታዩ ዓመት ዐረፉ፤ ከተማው ሁሉ ቀበራቸው፤ ከላይ የተጠቀሰውም ቃል በመቃብራቸው ድንጋይ ላይ ተቀረጸ። የባለዘንቢሉ መጽሐፍ በመዘጋጃ ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ከተረትና ጨዋታ መደርደሪያ ላይ ይገኛል፤ የደራሲው ስም ከሽፋኑ ጋር ስለ ተገነጠለ ማን እንደ ጻፈው አይታወቅም። የከተማይቱን መወረር የሚያጠኑ ሰዎች የቆዳ ሽፋን ያለውን ይጠቅሳሉ፤ ያኛውን የሚያነበው ጊዜ ለማሳለፍ የፈለገ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ከሰባተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ሲደርስ አሮጊቷ በባዶው ድልድይ ላይ በልጇ ክንድ ተደግፋ ስትሻገር ያያትና፣ ገጹን ገልጦ ያልፋል።